ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን

ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው እየኖሩ 12 ወራትና ከዚያ በላይ ፅንስ ሳይገኝ ሲቀር ሐኪሞች መካንነት ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ በሆነ ወቅት ይህ ችግር ይገጥመዋል፤ በመቶኛ ሲሰላ 17.5 ይሆናል። በሀብታምና በድኻ አገሮች መካከል የታየው ልዩነት ጥቂት ነው። ይህ ስሌት ሁለት መቶ ጎልማሶች ለሚያስቀድሱበት አንድ አጥቢያ ቢሠራ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት ችግሩን አይተውታል ወይም ያዩታል ማለት ነው። ስለ ጉዳዩ አፍ አውጥተው የሚናገሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዝምታው የሚገርም አይደለም። ኢትዮጵያውያን ለሞት ሐዘን ያበጁት ሥርዓት ብዙ ሕዝብ የሚቀናበት ነው። እድር ጥሩንባ ያስነፋል፤ ድንኳን ይጣላል፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፤ ካህን ፍትሐት ያደርሳል፤ ሣልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ በየተራ ይታሰባሉ። ሐዘንተኛው መቼ እንደሚያለቅስ፣ መቼ እንደሚጽናና፣ ማን ከጎኑ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልጅ ናፍቀው ያጡ ሰዎች ግን የሚያዝኑት በሕይወት መጥቶ ለማያውቅ ሰው ስለሆነ ከዚህ ሥርዓት አንዱም አይደርሳቸውም። የሞተ የለም፤ ቀብር የለም፤ አጽናኝ አይመጣም። ሐዘኑ ደግሞ በየወሩ ይታደሳል፤ አርባውን የሚያወጣበት ቀንም የለውም።

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ማኅበረሰብ የማያውቀውን፣ በአደባባይ የማይለቀስበትንና ሐዘንተኛው ራሱ “ለማዘን መብት አለኝን?” ብሎ የሚጠራጠርበትን ሐዘን ለይቶ አሳይቷል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አሊስ ዶማርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ደግሞ መካንነት የገጠማቸው ሴቶች የጭንቀትና የድባቴ መጠን ከካንሰርና ከልብ ሕሙማን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ካንሰር የያዘው ሰው ጠያቂ አያጣም። መውለድ ያልቻለችው ሴት የሚደርሳት ጥያቄ “ገንፎ መቼ ነው የምታበሉን?” የሚል ነው።

በዚህ ሐዘን ውስጥ ያሉት በአንድ ዓይነት መንገድ የገቡ አይደሉም። አንድ ወልደው ሁለተኛው የራቃቸው አሉ፤ “አንዱን ያቆይላችሁ” ተብለው ዝም እንዲሉ ይጠበቃል። ፅንስ የጨነገፈባቸው አሉ፤ ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ይቋረጣሉ። ትዳር ያልገጠማቸውና “ቆሞ ቀር” የሚል ስድብ የተለጠፈባቸው አሉ። በቤሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ሠራተኛነት የወጣትነት ዘመናቸውን አሳልፈው፣ እህትና ወንድም አስተምረው፣ ለወላጅ ቤት ሠርተው ሲመለሱ የራሳቸው ጎጆ ሳይቀለስ የቀረባቸው ሴቶችም ብዙ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ሐዘን ልኩ ይለያያል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ በጸሎት የተለመነ፣ በልብ የታየ፣ ነገር ግን ያልመጣ ሕይወት።

ባህሉ ሸክሙን የሚያከብደው ገና ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ነው። ሙሽሮች “ውለዱ ክበዱ” ተብለው ይመረቃሉ፤ ሽማግሌዎች “ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ” ይላሉ። ምርቃቱ ከፍቅር የመጣ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት አልፎ ሳይፈጸም ሲቀር ግን ምርቃቱ ወደ ምርመራ ይለወጣል፤ ተመርማሪዋም ሁልጊዜ ሴቲቱ ናት። ሐኪም የሚያውቀው ሌላ ነው። ከመካንነት ጉዳዮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ዘር ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የማሕፀን ቱቦ መዘጋትን ከሚያመጡት መካከል በጊዜው ያልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንና ጥንቃቄ የጎደለው ውርጃ ይገኙበታል። የወንድ ዘር ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ይቀላል። ሆኖም ባል “እኔ ደህና ነኝ” ብሎ ቤት ይቀራል፤ ሚስት ከጸበል ጸበል፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ብቻዋን ትንከራተታለች። ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑንም በዐውደ ምሕረት ላይ በግልጽ የሚናገር ሰባኪ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ሐዘን ብዙ ያውቃል። አብርሃም ከካራን ከወጣ በኋላ ሣራ ይስሐቅን እስክትወልድ 25 ዓመት አልፏል። ርብቃ 20 ዓመት ጠብቃለች። ራሔል፣ የማኑሄ ሚስት፣ የሳሙኤል እናት ሐና፣ ኤልሳቤጥ፤ ሁሉም በዚያው መንገድ አልፈዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ድርሳናትና ገድላት በዚህ ታሪክ የተሞሉ ናቸው፤ የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ወላጆች ስምዖንና አቅሌስያ ልጅ አጥተው የኖሩ ናቸው። ነሐሴ 7 የሚታሰበው የእመቤታችን ጽንሰትና ግንቦት 1 የሚከበረው ልደቷ ከአንድ መካን ቤት ዕንባ የተገኙ በዓላት ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ታሪኮቹ በሚሰበኩበት መንገድ ነው። ሁሉም ከመጨረሻቸው ተይዘው ይነገራሉ፤ “ለመነች፣ ወለደች” በሚል። በዚያ ጉባኤ የተቀመጠችና ዐሥር ዓመት የለመነች ሴት ከስብከቱ የምትወስደው አንድ ሒሳብ ነው፦ እነርሱ ለምነው ተሰጣቸው፤ ለእኔ ያልተሰጠኝ የጸሎቴ ጉድለት ወይም የኃጢአቴ ብዛት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ዘግቶታል። ኤልሳቤጥ መካን እንደ ነበረች ከመናገሩ በፊት እርስዋና ዘካርያስ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን፣ በትእዛዙም ያለ ነቀፋ የሚሄዱ እንደ ነበሩ ያስቀምጣል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው “ማን ኃጢአት ሠራ?” ብለው ሲጠይቁ ክርስቶስ ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለም፤ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ከዚህ በኋላ የማንንም ማሕፀን ከኃጢአት ጋር የሚያቆራኝ አስተማሪ ከወንጌል ውጭ ነው የሚያስተምረው።

የሳሙኤል እናት ሐና ታሪክ በዝግታ መነበብ አለበት። ሐዘኗ የሚከፋው በበዓል ቀን ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ፣ ማዕድ ቀርቦ ድርሻ ሲከፋፈል፣ ልጆች ያሏት ጣውንቷ ፍናና ታስቆጣታለች፤ ሐናም ታለቅሳለች፣ አትበላም። ዛሬም ያው ነው። በገና፣ በጥምቀት፣ በክርስትና ድግስ፣ በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በእናቶች ቀን፣ ሌላው ደስ በሚለው ሰዓት ነው ጉድለት የሚጎላው። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል፤ ከዐሥር ልጆች እንደሚሻላትም ይነግራታል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ንግግሩ ግን ስለ እርሱ እንጂ ስለ እርሷ አይደለም። ሐዘኗን በመስማት ፈንታ ሊያስቆመው ይቸኩላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ካህኑ ዔሊ ነው። ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ አይቶ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። የእግዚአብሔር አገልጋይ ከፊቱ ያለውን ትልቁን ሐዘን ለማየት አልቻለም። በነገረ ማርያም ትረካ ኢያቄምና ሐናም በቤተ መቅደስ ልጅ የላችሁም ተብለው አፍረው ተመልሰዋል። ትውፊቱ ይህን ሳይሸፍን መያዙ ለቤተ ክርስቲያን ክብሯ ነው፤ ልጅ ያጡ ሰዎች በገዛ ቤተ መቅደሳቸው ሊቆስሉ እንደሚችሉ ታውቃለች ማለት ነውና። ዔሊን ከሌሎቹ የሚለየው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሐና ልቧ ያዘነ ሴት መሆኗን ስትነግረው አልተከራከረም፤ ቃሉን መለሰ፣ ባረካት፣ በሰላም አሰናበታት።

በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ሐና ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከእንግዲህ ወዲህ አልጠቆረም። ይህ የሆነው ሳሙኤል ሳይፀነስ፣ ገና ወደ ቤቷ ሳትመለስ ነው። የሐና መጽናናት ከልጇ መወለድ ቀድሟል። ያጽናናት ልቧን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሷና የሚሰማት ሰው ማግኘቷ ነው። ክርስቲያናዊ ድጋፍ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ መስጠት የአገልጋይ ሥልጣን አይደለም፤ መስማት ግን ግዴታው ነው።

ከመስማት ይልቅ የተስፋ ቀን ቆርጦ መስጠት የለመዱ አገልጋዮች በዝተዋል። “በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ትታቀፊያለሽ” የሚለው ትንቢት ከነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ የተወሰደ ነው። የሱነም ሴት ግን ይህን ስትሰማ ነቢዩን አትዋሸኝ ብላ ለምናዋለች፤ ልጇ በሞተባት ቀንም ያንኑ ልመናዋን አስታወሰችው። ብዙ ዘመን የጠበቀ ልብ ተስፋን እንደሚፈራ ከዚህች ሴት በላይ ያስረዳ የለም። በመድረክ ላይ ስሟ ተጠርቶ፣ ዘጠኝ ወር ተቆጥሮላት፣ ጉባኤው እልል ብሎ ወሩ ባዶ ሆኖ ያለፈባት ሴት ሁለት ነገር ታጣለች፤ ልጁንም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትመለስበትን ፊትም። ትንቢቱን የተናገረው ሰው በዚያ ቀን አብሯት የለም።

የስለት ነገር ከዚህ ይለያል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ላይ ስለታቸው የደረሰላቸው ወላጆች ሕፃናት አዝለው፣ ጥላ ይዘው፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ለማስነሣት ይሰበሰባሉ። ያ ደስታ ማንም ሊቀንሰው የማይገባ የምስጋና ደስታ ነው። በዚያው ሕዝብ መካከል ግን አምስተኛ ስድስተኛ ዓመቷን ባዶ እጇን የወጣች ሴት አለች፤ ምስክርነት ስትሰማ እልል ትላለች፣ ተመልሳም ታለቅሳለች። ስለት የልመና መንገድ እንጂ የውል ወረቀት አለመሆኑን፣ ስለቷ ያልደረሰላት ሴትም ከደረሰላት ያነሰች ምእመን አለመሆኗን ካህናት በዚያው በበዓሉ ቀን ቢያስተምሩ የብዙ ሰው ልብ ያሳርፋሉ።

የተሰጣቸው ሰዎች ታሪክ ብቻውን አይበቃም። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም፤ የተሰጠው ጸጋ ብቻ ነበር። በዳዊት መዝሙር ውስጥ መዝሙር 88 (በግእዙ ቆጠራ 87) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ እንደ ሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት በምስጋና ሳይሆን በጨለማ ይዘጋል። ዳዊት በየቀኑ የሚደግሙ እናቶችና አባቶች ያለ መልስ የቀረ ልመናን በየሳምንቱ በአፋቸው ይዘው ኖረዋል። ለእግዚአብሔር “ለምን?” ማለት ክሕደት አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ቃሉን ይሰጣል።

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አለ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሥልጣን የነበረው፣ በኢትዮጵያ ትውፊት ባኮስ የሚባለው ጃንደረባ፣ መውለድ የማይችል ሰው ነበር። በኦሪት ሕግ እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ያነብ የነበረው የኢሳይያስን 53ኛ ምዕራፍ ነው። ጥቂት ምዕራፎች ወረድ ብሎ፣ በ56ኛው፣ እግዚአብሔር ራሱን እንደ ደረቅ ዛፍ ለሚቆጥር ጃንደረባ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚሻል፣ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጠው ይናገራል። ወንጌላዊው ፊልጶስ ባኮስን አጠመቀው፤ ልጅ ትወልዳለህ አላለውም። ሰውዬው ግን ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ። “ስም አስጠሪ የሌለው” ተብሎ ለሚናቅ ሰው የኢትዮጵያ ክርስትና ከባኮስ የሚበልጥ መልስ የለውም፤ ስሙ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያለ ልጅ ሲጠራ ኖሯልና።

ትዳር ልጅ ካልመጣ ዓላማውን እንደሳተ የሚቆጥሩም አሉ፤ ፍቺና ቅምጥ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሔዋን የተሰጠችበት የመጀመሪያው ምክንያት የሰው ብቻውን መሆን መልካም አለመሆኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ401 ገደማ ስለ ጋብቻ መልካምነት በጻፈው መጽሐፍ ጋብቻ መልካም የሚሆነው ስለ ልጅ ብቻ ሳይሆን ስለ ባልና ሚስት ኅብረት ጭምር መሆኑን አስተምሯል፤ መካን ሚስትን ፈትቶ የምትወልድ ማግባትም እንደማይፈቀድ አስረግጦ ጽፏል። በተክሊልም ሆነ በቃል ኪዳን ያጋባ ካህንና ፓስተር ይህን ለባልና ሚስቱ ብቻ ሳይሆን ለአማቶች ጭምር መናገር አለበት።

ሕክምናን በተመለከተ አንዳንድ አገልጋዮች ጸበልን ወይም ጸሎትን ከሐኪም ጋር ያጣላሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንዲያከብሩ ያዝዛል፤ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። አንድ ዓመት ያለፋቸው ባለትዳሮች፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር እንኳ የሞላቸው፣ ሁለቱም አብረው መመርመር ይገባቸዋል። ከማሕፀን ውጭ ፅንስ የመፍጠር ሕክምና የመጀመሪያዋን ሕፃን ሉዊዝ ብራውንን ያስገኘው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋም ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በተከፈተው ማዕከል ነው። ሕክምናው አድካሚ ነው፤ በአንድ ዙር የሚሳካለትም ሁሉም ሰው አይደለም። የሕሊና ጥያቄም ያስነሣል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው መመሪያ ፅንሱ ከባልና ሚስት ሩካቤ ውጭ በቤተ ሙከራ መገኘቱን አልተቀበለችም፤ በሌሎች ክርስቲያኖች ዘንድ የሚፈቅዱትም የሚያመነቱትም አሉ። በሕክምናው የሚተርፉ ፅንሶች ጉዳይ ግን ማንንም ክርስቲያን ሊያሳስብ የሚገባ ነው። ባልና ሚስቱ ወደ ክሊኒኩ ከመሄዳቸው በፊት ከነፍስ አባታቸው ጋር በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል። የነፍስ አባቱም ሳይቆጣ የሚሰማ፣ የማያውቀውን ከሐኪም የሚጠይቅ መሆን አለበት።

“ለምን አታሳድጉም?” የሚለው ምክር ቶሎ የሚመጣ ነው። ጉዲፈቻ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የታወቀ መንገድ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ በኋላም ወላጅ ያጡ ልጆችን የማሳደግ ኃላፊነት ይበልጥ በአገር ውስጥ ቤተሰቦች ላይ ወድቋል። ነገር ግን ልጅን የሐዘን ማስታገሻ አድርጎ ማምጣት ልጁንም ወላጆቹንም ይጎዳል። መጀመሪያ ሐዘኑ ይታዘን፤ ጊዜ ወስደው፣ ልጁን ስለ ልጁ ብለው ሊቀበሉት ሲዘጋጁ ያኔ ቤተ ክርስቲያን አብራ ትቁም። የክርስትና እናትና አባት መሆንም እንዲሁ ነው፤ የክብር ጥሪ እንጂ የካሳ ስጦታ መምሰል የለበትም።

የዕለት ተዕለቱ ድጋፍ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የኢዮብ ወዳጆች ስህተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ያ መቀመጥ ዛሬም ይጠቅማል። ለክርስትና ድግስ ስትጠራ “መምጣት ካልቻልሽም ይገባኛል” የሚል ቃል መጨመር ይቻላል። ፅንስ የጨነገፈባትን ሴት ከጽዋ ማኅበሩ ሁለት ሰው ሄዶ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ቢላት ሐዘኗ ስም ያገኛል። የምርመራ ቀን ሲደርስ አብሮ የሚሄድ፣ ውጤቱ ሲከፋ ስልክ የሚደውል፣ በሳምንቱም የማይረሳ ሰው ያስፈልጋል። ከቤተሰብ ርቀው በባዕድ አገር ለሚኖሩና በየስልኩ “የልጅ ልጅ አሳዩን” ለሚባሉ ባለትዳሮች ደግሞ አጥቢያቸው ብቸኛው ዘመድ ሊሆን ይችላል። ባሎችም አይረሱ፤ ወንድ አያለቅስም በሚል አገር የወንድ ሐዘን ብዙ ጊዜ በመጠጥና በቁጣ ይወጣል፤ ያዕቆብ በራሔል ላይ እንደተቆጣ።

የነፍስ አባቶች፣ ፓስተሮችና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ከዚህ ሳምንት ጀምረው ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። በጸሎተ ምእመናን ውስጥ ልጅና ትዳር ናፍቀው ያላገኙትን በግልጽ ያስቡ። ቀን ቆርጠው ልጅ የሚሰጡ ትንቢቶችን ከመድረካቸው ያስወግዱ። በአጥቢያቸው ካሉት ልጅ አልባ ባለትዳሮች ወደ አንዱ ቤት ይሂዱ፤ ምክር ሳይዙ፣ ለመስማት ብቻ።